ጫልቱ የያዘችው ተረት

እኔ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ፣ ቡራዩ ውስጥ የኔን መሰላል የማያውቅ ሰፈር የለም፣ እና ወዳጄ፣ በመንፈስና በጂኒ የማላምነው መጽሐፍ አንብቤ ሳይሆን ጣሪያ ላይ ወጥቼ አይቼ ነው። «ጋሽ ታዴ፣ ኮርኒሳችን ውስጥ ሰው ይራመዳል» ብለው ይጠሩኛል፣ እወጣለሁ፣ አይጥ ነው። «አምፖሉ የሟቹን ስም ስንጠራ ብልጭ ይላል» ይሉኛል፣ እፈታዋለሁ፣ የላላ ሽቦ ነው። አንዲት ሴትዮ ቤቷን ጠበል አስረጭታ እንኳ አልለቅ ያላት መንፈስ ነበራት፣ እኔ በፕላስተር ጠቅልዬ አስለቅቄላታለሁ። ስለዚህ ይሄን ስነግርህ «አንተም ጀመርክ?» ብትለኝ አልቀየምህም፣ ሚስቴ አስናቀችም መጀመሪያ ያለችኝ እሱኑ ነው። ብቻ እስክጨርስ ታገሰኝ።

ለዚህ ሁሉ የዳረገኝ ድምፄ ነው። ድምፄ ጎርናና ነው፣ በእድራችን ቃለ ጉባኤ የማነበው እኔ ነኝ፣ ማይክ አያስፈልገኝም፣ አስናቀች «አንተ በሹክሹክታ ስታወራ እንኳ ጎረቤት መልስ ይሰጣል» እያለች ትቀልድብኛለች። አንድ ጊዜ ሰበታ ሄጄ ራሄል ለምትባል ልጅ ቤት መስመር ስዘረጋ፣ ከመሰላሉ ላይ ሆኜ ረዳቴን ስቆጣ ሰማችኝና «ጋሽ ታዴ፣ ይሄን የመሰለ ድምፅ ይዘህ ሽቦ ላይ ብቻ ትጮኽበታለህ?» አለችኝ። ለካ እሷ ለዓይነ ስውራን ተረትና ታሪክ እያነበቡ የሚቀዱ በጎ ፈቃደኞችን ታስተባብራለች። የሚያነቡት አሮጌዎቹን ነው፣ ጸሐፊያቸው ከሞተ ዘመን ያለፋቸውን ወይም ከነጭራሹ ባለቤት የሌላቸውን፣ ማንም ማንንም ሳያስፈቅድ ሊያነባቸው የሚችለውን። እኔም መጀመሪያ ሳቅኩ፣ ቀጥሎ ሞከርኩት፣ ከዚያ ወዲያ ማቆም አቃተኝ። ቤታችን ውስጥ መስኮት የሌላት ጠባብ ዕቃ ቤት አለች፣ ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳዋን ሁሉ በጋቢና በብርድ ልብስ ጋረድኳት፣ በርጩማ አስገባሁ፣ አለቀ፣ ስቱዲዮ ሆነች።

አሠራራችን አንዲት ሕግ አለችው፣ እሷን ካልነገርኩህ የቀረው አይገባህም። አንድ ተረት የሚነበበው በአንድ ሰው ብቻ ነው። አንባቢዎቹ ጥቂት ነን፣ ያልተነበበው ብዙ ነው፣ ሁለት ሰው አንዱን ተረት ካነበበ የአንዱን ድካም ውሃ በላው ማለት ነው። እኔ ራሴ ቀምሻታለሁ፣ አንድ የቀበሮ ተረት ስንት ቀን ለፍቼበት ስልከው፣ ለካ ገላን የሚኖር አንድ የከባድ መኪና ሾፌርም ያንኑ አንብቦ ቀድሞኝ ልኳል፣ ራሄል የሱን ተቀብላ የኔን «ድግም ነው» ብላ ጣለችው፣ ሳምንት ሙሉ አኩርፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንም ከማንበቡ በፊት በስልካችን ግሩፕ ላይ «እንዲህ የሚባለውን ያዝኩ» ብሎ ይጽፋል፣ ራሄል ትመዘግብለታለች፣ ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው አይነካውም። ቀልድ የለም፣ ሰርግ ቤት ወንበር ላይ ነጠላ እንደማስቀመጥ ነው፣ ባለቤቱ ባይኖርም ቦታው ተይዟል።

ጫልቱን ያወቅኳት በዚያው ግሩፕ ነው። ሱሉልታ አስተማሪ ነበረች፣ አባቷ ኦቦ ቶሌራ ገበሬ ነበሩ፣ ግላኮማ ዓይናቸውን ከወሰደባቸው ወዲህ ግን ቤት ውለው እሷ የምታነበውን ሲሰሙ ይውላሉ። ማንበብ የጀመረችውም ለሳቸው ብላ ነው። በአካል አንድ ቀን ተገናኝተን አናውቅም፣ ይሄን ልብ በልልኝ፣ የማውቃት በድምፅ መልእክት ነው፣ ግን ከስንት የማያቸው ሰዎች ይልቅ እሷን እወዳት ነበር። «ጋሽ ታዴ፣ አንተ እኮ ተረቱን አታነበውም፣ ትቆጣዋለህ፣ እስቲ ቀስ በል፣ ውሃ የሸተታት ላም ይመስል አትሩጥ» ትለኛለች። እሷም የራሷ አመል ነበራት፣ እያንዳንዱን አንቀጽ ከመጀመሯ በፊት ትልቅ ትንፋሽ ትስባለች፣ ራሄል «ጫልቱ፣ ወንዝ ልትዘይ ነው እንዴ?» ትላታለች። የስልክ መስታወት ዓይኗን ስለሚያማት ደግሞ የምታነበው ወረቀት ላይ አሳትማ ነው፣ በቀረጻዎቿ ሁሉ ገጽ ሲገለጥ ይሰማል።

የያዘችው የመጨረሻ ተረት «እሳት ጫሪዋ» የሚባለው ነው። እናቷ የሞተችባት ልጅ ናት፣ ምድጃው ጠፍቶባቸው አባቷ ጎረቤት እሳት ጭራ እንድትመጣ ይልካታል፣ የምትገባበት ቤት ሁሉ ግን «መጀመሪያ ይሄን ሥሪልኝ» እያለ ያቆያታል፣ አንዱ ውሃ ቅጂ፣ አንዱ ልጅ አዝዪ፣ እንዲህ እንዲህ እያለች ከመንደር መንደር ትርቃለች፣ አባትየው በጨለማ ቁጭ ብሎ ይጠብቃታል። ጫልቱ «እሳት ጫሪዋን ያዝኩ፣ ለአባዬ ነው፣ ማንም እንዳይነካብኝ» ብላ ጻፈች። ብዙም ሳትቆይ ታመመች፣ ሆስፒታል ገባች፣ ፋሲካ ሳይደርስ ሞተች። ስልኳም እዚያው ግርግር ውስጥ ጠፋ፣ ቀርጻው የነበረ ነገር ካለ አብሮ ሄደ ብለን ተውነው።

ለቅሶ ሱሉልታ ሄድኩ። ኦቦ ቶሌራ ድንኳኑ ውስጥ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል፣ አጠገባቸው የሚቀመጠውን ሁሉ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የሚጠይቁት፣ «ማን ነበረ አጠገቧ?» አክስትየው ስታስታምም ቆይታ መድኃኒት ልትገዛ በወጣችበት ነው ያረፈችው፣ አባትየው እስኪደርሱ አልቋል። «አስታማሚዋ ለትንሽ ነው የወጣችው ኦቦ» ይሏቸዋል፣ እሺ ይላሉ፣ ከዚያ ሌላ ሰው ሲመጣ ድምፁን ይሰሙና «ማን ነበረ አጠገቧ?» ይላሉ። እኔንም ጠየቁኝ። አንገቴን ደፋሁ፣ ደግሞ እሳቸው አንገት መድፋቴን አያዩም፣ ፊታቸውን ወደኔ እንዳዞሩ መልስ ይጠብቃሉ፣ እንደዚያ ቀን ተጨንቄ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ያቺ «ያዝኩ» የምትል ጽሑፍ እንደተያዘች ቀረች። የሌላ ሰው ቢሆን ሲዘገይ ይለቀቃል፣ የሞተችን ልጅ ግን ማን ልቀቂ ይበላት? አርባዋ ወጣ፣ ግንቦት አለፈ፣ ማንም አልነካውም። ክረምቱ ሲገባ ኦቦ ቶሌራ ራሳቸው ለራሄል አስደወሉ። «እኩሌታውን ቤት ውስጥ በቃሏ ነግራኛለች፣ ልጅቱ ፍሙን አግኝታ ፊቷን ወደ ቤቷ ስታዞር ላይ ነው ያቆመችው። አሁን ሁልጊዜ ስተኛ ያቺ ልጅ መንገድ ላይ ናት። ሰው ያንብበው፣ ከሷ ንባቦች ጋር ይግባልኝ፣ ስሟን ግን አታጥፉት» አሉ። ራሄል ይሄን ነግራኝ «ጋሽ ታዴ፣ አንተ ብታነበውስ?» ስትል እምቢ ማለት አልቻልኩም።

እንግዲህ ያ ቀን እሑድ ነበር፣ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ሌሊት ቢሆን እንቅልፍ ነው ብዬ ራሴን አታልል ነበር። ዝናቡ ከረፋዱ ጀምሮ ይወርዳል፣ አስናቀች ሳሎን ልብስ ትተኩሳለች፣ እኔ ዕቃ ቤቴ ገብቼ በሩን ዘጋሁ፣ ስልኬን አስተካከልኩ፣ «እሳት ጫሪዋ» ብዬ ርዕሱን አነበብኩና አንድ አፍታ ቆምኩ። በዚያች አፍታ ትንፋሽ ሰማሁ። ትልቅ፣ ወደ ውስጥ የሚሳብ ትንፋሽ። የራሴ ነው ብዬ አለፍኩት፣ ሰው ሲያነብ ይተነፍሳል፣ ምን ይገርማል?

አንደኛው አንቀጽ አለቀ፣ ቆምኩ፣ አሁንም ትንፋሽ። በዚህኛው ጊዜ ግን እኔ ትንፋሼን ይዤ ነበር፣ እመነኝ፣ ሆን ብዬ ነው የያዝኩት። ጋቢው ነው አልኩ፣ በበሩ ስር ነፋስ ገብቶ ጋቢውን ሲገፋው ይሆናል። ሦስተኛው ላይ ገጽ ተገለጠ። እኔ ከስልክ ነው የማነበው ወዳጄ፣ ክፍሏ ውስጥ ወረቀት የሚባል ነገር የለም። ያም ሆኖ አላቋረጥኩም፣ እልህ ያዘኝ፣ ስንት ሰው «መንፈስ ነው» ሲለኝ የሳቅኩ ሰው በገዛ ዕቃ ቤቴ በትንፋሽ ልሸነፍ ነው እንዴ እያልኩ ማንበቤን ቀጠልኩ። ደግሞ አንድ የታዘብኩት ነገር፣ ተሳስቼ አንዱን ዓረፍተ ነገር ስደግመው ትንፋሹም እንደገና ይጠብቀኛል፣ እስካስተካክል ድረስ ወደሚቀጥለው አያልፍም።

በዚህ መሃል በረዶ መጣል ጀመረ፣ ቆርቆሮው ጆሮ ያደነቁራል፣ እሱ ጋብ ሲል ሳል ያዘኝ፣ ሳልኩ፣ ወዲያው ደግሞ ጎረቤታችን ፋጡማ ከሱቋ ሆና ጮኸች፣ «ጋሽ ታዴ! ኧረ ቆጣሪው ዘለለብኝ! ፍሪጁ ጠፋ!» «መጣሁ!» ብዬ መለስኩላት። ቀረጻውን ሳላቆም ሄጄ ቆጣሪዋን መልሼላት መጣሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ካቆምኩበት ቀጠልኩ። ትንፋሹም ካቆመበት ቀጠለ። እንዲህ እየሆነ ልጅቱ ፍሙን በገል ተቀብላ ፊቷን ወደ ቤቷ የምታዞርበት ቦታ ደረስኩ። ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ትንፋሽ የለም፣ ገጽ የለም፣ የበረዶው ርዝራዥ ብቻ። የቀረውን እኩሌታ ብቻዬን አነበብኩ፣ ብቻዬን መሆኔ ደግሞ እንዴት እንደታወቀኝ ልነግርህ አልችልም።

አመሻሹ ላይ በጆሮ ማዳመጫ አድርጌ ሰማሁት። ትንፋሹ አለ። ገጹም አለ። «ማይኩ ከራሴ ልብስ የቀዳው ነው» አልኩ፣ ለማን እንዳልኩት እንጃ። ሳሌን፣ የፋጡማን ጩኸት፣ «መጣሁ» ያልኩትን፣ ሄጄ የተመለስኩበትን ጊዜ ሁሉ ቆርጬ ጣልኩ፣ እዚህ ላይ ጆሮህን ስጠኝ፣ ቆርጬ ነው የጣልኩት፣ ከኔ ስልክ በቀር የትም የለም። የጸዳውን ለራሄል ላክሁና ራት ቀረበ።

ራቱ ሳይነሳ ስልኬ ጠራ። «ጋሽ ታዴ፣ እሳት ጫሪዋ ድግም መጥቶብኛል» አለች፣ ድምፅዋ ልክ አይደለም።

«ሁለቴ ልኬው ይሆናል፣ ኔትወርኩ እኮ…»

«አይደለም። አንዱ ካንተ ነው። አንዱ ከጫልቱ ስልክ ነው።»

ከዚያ ሙያዬ መጣልኝ፣ «ስሚኝ ራሄል» አልኳት፣ «ስልኳን የወሰደው ሰው ዛሬ ከፍቶት ነው። ሳትልከው የቀረ ቀረጻ ይኖራል፣ ኔትወርክ ሲያገኝ ራሱ ሄደ። በቃ፣ ይሄው ነው።» እሷም «እኔም እንደሱ ነው ያሰብኩት፣ ደወልኩለት፣ ዝግ ነው ይላል» አለች። ትንሽ ተጽናናን፣ እንዲያውም ደስ አለን፣ የጠፋው ንባብ ተገኘ ማለት እኮ ነው። ላኪልኝ አልኳት፣ ላከችልኝ።

አስናቀችን አጠገቤ አስቀምጬ ከፈትኩት። ጫልቱ ናት። «እሳት ጫሪዋ» አለች፣ ትንፋሿን ሳበች፣ ጀመረች። ድምፅዋን ስሰማ እንባዬ መጣ፣ አልዋሽህም፣ ያቺ የለመድኳት ተረጋግታ የምታነብ ድምፅ፣ ምንም በሽታ የሌለባት። ከጀርባዋ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ በረዶ ይሰማል። ሱሉልታም በረዶ ይጥላል፣ ቤታቸውም ቆርቆሮ ነው አልኩ፣ ጫልቱ የታመመችው በበጋ መሆኑን ግን ሆዴ ያውቀዋል። ከበረዶው ቀጥሎ አንድ ወንድ ሳለ። ማንም ይስላል። ከዚያ ግን ከሩቅ፣ ከግድግዳ ማዶ እንደሚመጣ ሆኖ፣ የሴት ድምፅ «ጋሽ ታዴ! ኧረ ቆጣሪው ዘለለብኝ! ፍሪጁ ጠፋ!» አለ። ወዲያው ደግሞ ጎርናና ድምፅ «መጣሁ!» አለ።

አስናቀች ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ይቺ ፋጡማ አይደለችም እንዴ?» አለችኝ።

ጫልቱ ዝም ብላ ታነባለች፣ እኔ የወጣሁበት ቦታ ላይ ትንሽ ቆመች፣ ስመለስ የበርጩማው ድምፅ ተሰማ፣ ቀጠለች። ልጅቱ ፊቷን ወደ ቤቷ ስታዞር ላይ ስትደርስ አበቃች። ቃል አልተናገረችም፣ ደህና ሁኑ አላለችም፣ ቀረጻው የተወሰነ ጊዜ ዝም ብሎ ሄዶ ተቆረጠ። አስናቀች አማተበች። እኔ ተነስቼ የዕቃ ቤቱን በር ከፈትኩ፣ በርጩማዬ አለ፣ ጋቢዎቹ አሉ፣ ምንም የለም።

በማግስቱ ከራሄል ጋር ብዙ ተጨቃጨቅን። ደንቡን ብንከተል አንዱ ይጠፋል፣ የትኛው? ደግሞስ ለአባትየው ይሰማ ወይ? «ቁስላቸውን መነካካት ነው ጋሽ ታዴ፣ ያንተን ብቻ እንስጣቸውና የሷን እኔ ጋ ይቀመጥ» አለች። እኔ ደግሞ «ንባቡ የተነበበው ለሳቸው ነው፣ እኛ ማን ሆነን ነው የምናስቀረው?» አልኩ። እሷ አለቀሰች፣ እኔም የባሰ ተቆጣሁ፣ ስፈራ የምቆጣ ሰው ነኝ። በኋላ ተስማምተን እሷ ከሰበታ እኔ ከቡራዩ መጥተን አዲሱ ገበያ ላይ ተገናኘንና የሱሉልታ ታክሲ ያዝን።

ኦቦ ቶሌራ ከበራፋቸው ሆነው ኮቴያችንን ሰምተው «ኮታ፣ ሴና፣ ግቡ» አሉን።

«አካም ጅርቱ ኦቦ ቶሌራ?» አልኳቸው።

«ፈያ፣ ገለተ ዋቃ፣ ተመስገን። ልጅቷን አመጣችሁልኝ?» አሉ። እሳት ጫሪዋን ማለታቸው ነው፣ እኔና ራሄል ግን ተያየን።

ራሄል ፍላሽ በምትጎርሰው ትንሽ ሬዲዮናቸው ላይ ሁለቱንም ጫነችላቸው፣ አስቀድማ የጫልቱን፣ ከሱ አስከትላ የኔን ሁለተኛ እኩሌታ። «ኦቦ፣ የጫልቱ ንባብ ተገኝቷል፣ እንዴት እንደመጣ እኛም በደንብ አናውቅም፣ ካልፈለጉ አናሰማዎትም» አለቻቸው። እጃቸውን ዘርግተው ሬዲዮዋን ወሰዱና ራሳቸው ተጫኑት። ትንፋሿ ሲሰማ ብቻ «ኢንተለ ኮ» አሉ ቀስ ብለው፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ሬዲዮዋ አዘንብለው መስማት ጀመሩ፣ እኔ መሬት መሬት አያለሁ። በረዶው መጣ። ሳሉ መጣ። የፋጡማ ጩኸትና «መጣሁ» ያለው ድምፅም መጣ። እጃቸው ሄዶ አጠፋው።

«እዚህ ውስጥ ሌላ ሰው አለ» አሉ።

ራሄል ክንዴን ያዘችኝ።

«የሚያስለው ማነው? ቅርብ ነው ያለው፣ አጠገቧ ነው።»

እንግዲህ ወዳጄ፣ አንተ ብትሆን ምን ትል ነበር? ሌባው ነው ልበል? ማሽኑ ተደባልቆ ነው ልበል? «እኔ ነኝ ኦቦ፣ ታደሰ ነኝ» አልኩ።

«አንተ? አጠገቧ ነበርክ?»

ያቺን ልጅ በአካል አንድ ቀን አይቼ አላውቅም። ሆስፒታሉ በር አልደረስኩም። ግን ቀረጻው እዚያው እጃቸው ላይ አለ፣ እሷ ታነባለች፣ እኔ አጠገቧ እስላለሁ፣ ይሄን እንዴት ብዬ አልነበርኩም ልበል? «ነበርኩ» አልኳቸው።

እጃቸው አየር ላይ ፈለገኝ፣ አቀረብኩላቸው፣ መዳፌን ይዘው ግንባራቸው ላይ አደረጉት። «እኔ እኮ ብቻዋን መስሎኝ…» አሉና አቃታቸው፣ ትልቅ ሰው እንዲያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም፣ እጄን ሳይለቁ። እኔም አለቀስኩ። ራሄል ወደ ውጭ ወጣች።

ከብዙ ቆይታ በኋላ መልሰው ከፈቱት። ጫልቱ እስከ እኩሌታው አነበበች፣ ዝም አለች፣ ከዚያ የኔ ድምፅ ገባ። ልጅቱ ፍሟን በገል ይዛ፣ በዝናብ እንዳይጠፋባት በነጠላዋ ጋርዳ፣ የመጣችበትን መንደር ሁሉ እያለፈች ቤቷ ደረሰች፣ አባትየው አርጅቶ እዚያው ምድጃው አጠገብ አገኘችው። «ቆየሽ» አላት። «እሳቱ ሩቅ ነበር አባዬ» አለችው። ኦቦ ቶሌራ ሲያልቅ አንገታቸውን ነቀነቁና «በሉ አሁን ሂዱ፣ እንዳይመሽባችሁ» አሉን፣ ከበሩ ሳንርቅ ከመጀመሪያው ሲከፍቱት ሰማን።

ራሄል ሁለቱንም አላጠፋችም፣ አጋጥማ አንድ አደረገቻቸው፣ መዝገቡ ላይም «ጫልቱና ታደሰ» ብላ ጻፈች። በኛ አሠራር በሁለት ሰው የተነበበ ብቸኛው ተረት ነው። ከዚያ በኋላ ሌሎች አንብቤያለሁ፣ ትንፋሽ የለም፣ ገጽ የለም፣ ሰላም ነው። የሷ ስልክም ዳግመኛ አልተከፈተም። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላ ነው፣ እሷ ወደኔ ዕቃ ቤት መጥታ ከሆነ እሺ፣ ትምጣ፣ የምታውቀው ሰው ቤት ነው። ግን የሷ ቀረጻ ውስጥ የኔ ሳል አለ። እሷ መጥታ ነው ወይስ እኔ እሷ ወዳለችበት ሄጄ ተመልሼ ነው? ይሄንን የሚፈታልኝ ሽቦ አላገኘሁም።

ኦቦ ቶሌራ እሑድ እሑድ ያስደውሉልኛል። አንዳንዴ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ እናወራለን፣ አንዳንዴ ግን «እስቲ አንተ አጠገቧ ነበርክ፣ ንገረኝ» ይሉና አንድ ነገር ይጠይቁኛል፣ ድካም ይታይባት ነበር ወይ፣ ውሃ ጠምቷት ነበር ወይ። የቻልኩትን እመልሳለሁ። ባለፈው እሑድ «ታደሰ፣ በርዷት ነበር?» አሉኝ።

«አይ ኦቦ፣ አልበረዳትም» አልኩ። «ተመስገን» ብለው ዘጉት።

ለአስናቀች እንኳ ያልነገርኳትን አንተን ልንገርህ። ያን ቀን ከሰዓት፣ እዚያ ጋቢና ብርድ ልብስ የሞላበት ክፍል ውስጥ ሆኜ፣ ንባቡ እኩሌታው ላይ እስኪደርስ ድረስ ጥርሴ ይንገጫገጭ ነበር። ብርዱ ከበሩ አልነበረም የሚመጣው። በቀኝ በኩል ምንም አልተሰማኝም፣ የደነዘዘው ግራ ጎኔ ብቻ ነው፣ ትከሻዬ፣ ክንዴ፣ ጉልበቴ፣ ሰው አጠገብህ ተጠግቶ ሲቀመጥ የሚነካህ ቦታ ሁሉ።